የደም ብዛት ኪኒን፤ ዋጋው እንዴት ወረደ፣ ለምንስ ተመልሶ ወጣ?

ባለፈው ወርኃዊ ስብሰባችን የቁጠባና የብድር ሒሳቡ ተነብቦ ካለቀ በኋላ አንዲት አባላችን ከነጠላዋ ጫፍ ሁለት የኪኒን ማሸጊያ ፈትታ አሳየችን። ሁለቱም የደም ብዛት መድኃኒት ነው። የማሸጊያዎቹ ቀለም ይለያያል፤ በትልቁ የተጻፈው ስምም አይገጥምም፤ የአንዱ ዋጋ ግን የሌላውን ሦስት እጥፍ ያህላል። ውዱን የገዛችው "ይኼኛው ይበልጥ ያድናል" ተብላ ነው። ገንዘቡ አልበቃ ሲላት ለአንድ ወር የታዘዘላትን ኪኒን አንድ ቀን እየዘለለች እየዋጠች ለሁለት ወር አደረሰችው። ጸሐፊያችን ማሸጊያዎቹን ገልብጣ በትንሹ የተጻፈውን ስታነብ ግን ስሙ አንድ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱም ላይ "አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም" ይላል።

ያን ቀን ሁለት ጥያቄ ተነሣ። አንደኛው፣ አንድ መድኃኒት እንዴት ሁለት ዋጋ ይኖረዋል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ታዲያ ለምን እኛው ገንዘብ አዋጥተን ከአዲስ አበባ በጅምላ አስመጥተን አንከፋፈለውም የሚል ነው። መልሱን አጥንቼ እንዳቀርብ ለእኔ ተሰጠኝ። ነገሩን ስከታተለው ወደ ታሪክ ወሰደኝ። መድኃኒት ለድኻ የቀረበባቸውን ጊዜያት ስመለከት ሁለት ነገር አብሮ አገኘሁ፤ የመድኃኒቱ እውነተኛ ስም ታውቋል፣ ገዢዎቹም ተባብረዋል። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ዋጋው ወደ ላይ ይመለሳል። ታሪኩን እንደሚከተለው አቀርባለሁ፤ በመጨረሻም ማኅበራችን ምን ቢያደርግ ይሻላል የሚለውን ሐሳቤን እጨምራለሁ።

ስሙ ሲደበቅ

በአገራችን መድኃኒትና ስም ከጥንት ጀምሮ የተያያዙ ናቸው። እንደ ደብረ ወርቅ ማርያም ያለ የቆየ ደብር ባለበት አገር ከቅኔውና ከመጽሐፉ ጎን ስለ ሥርና ስለ ቅጠል የሚያውቁ ሰዎች ኖረዋል። መድኃኒት አዋቂው ግን የሥሩን ስም አይናገርም። ማንም ሳያየው ቆፍሮ፣ ደቁሶ፣ ከሌላ ቅጠል ቀላቅሎ ይሰጣል። ስሙ ከታወቀ ኃይሉ ይጠፋል ይባላል። እውነቱ ግን ስሙ ከታወቀ ማንም ቆፍሮ ስለሚያመጣው ባለቤቱ ገበያውን ያጣል።

በሌላ በኩል እናቶቻችን ስሙን የሚያውቁት መድኃኒት ነበራቸው። ኮሶ፣ ጤና አዳም፣ ዳማከሴና ፌጦ ምሥጢር አልነበሩም። ከጓሮ ይቀጠፋሉ፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይጠያየቃል፤ ገበያም ላይ በትንሽ ዋጋ ይገኛሉ። እንግዲህ ይህ የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ስሙ የታወቀ መድኃኒት ይረክሳል፣ ስሙ የተደበቀ ይወደዳል።

ዘመናዊው መድኃኒት ሲመጣም ነገሩ ብዙ አልተለወጠም። ከዐድዋ ድል በኋላ የሩስያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች አዲስ አበባ ላይ ሕክምና ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ1910 ገደማ ደግሞ ከጆርጂያ አገር የመጣው ሐኪም ዶክተር መራብ በከተማዋ ፋርማሲ ከፈተ። ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን መድኃኒት ቤት የከተማ ነገር ነበር። ወደ ገጠሩ የደረሰው በድሬሰር እጅና በመርፌ ነው። ሕመምተኛዋ የምታውቀው "ቀዩ ሽሮፕ" ወይም "ነጩ ኪኒን" መሆኑን እንጂ ስሙን አልነበረም። ዛሬም ብዙዎቻችን መድኃኒታችንን የምንጠራው በቀለሙ ነው። ሻጩ የሚነግረንን ዋጋ የምንቀበለውም ከዚህ የተነሣ ነው፤ ስሙን ካላወቅን ሌላ ቦታ ሄደን ልንጠይቅ አንችልም።

የሦስቱ ኪኒኖች ታሪክ

ስለ ደም ብዛት በተለይ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2007 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው ጥናት ከ100 አዋቂዎች 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። አብዛኞቹም ይህን አያውቁም ነበር፤ በሽታው አያሳምምምና። አክስቴ ሐኪም ያዘዘላትን ኪኒን ሦስት ወር ውጣ "አሁንስ ደኅና ነኝ፣ ምን አስከፈለኝ" ብላ አቆመች። በሁለተኛው ዓመት በጠዋት ምጣድ ልትጥድ ስትነሣ ግራ ጎኗ አልታዘዝ አላት። ዛሬ በሕይወት አለች፤ እንጀራ የሚጋግርላት ግን ሌላ ሰው ነው። ኪኒኑ ውድ ሆኖ ሳይሆን፣ ላልታመመ ሰው የሚከፈል ገንዘብ ሁሉ ውድ ስለሚመስል ነው ያቆመችው።

በአገራችን ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ለደም ብዛት በብዛት ከሚታዘዙት መካከል ሦስቱን ስማቸውን ብንይዝ ይበቃናል።

የመጀመሪያው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ነው። በሽንት በኩል ትርፍ ጨውና ውኃ ያስወጣል። የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ለዚህ በሽታ የነበረው መድኃኒት ጥቂት፣ ጉዳቱም ብዙ ነበር። ይህ ኪኒን ከማናችንም ልጆች ዕድሜ ይበልጣል፤ ዋጋውም ከሦስቱ ብዙ ጊዜ ዝቅተኛው ነው።

ሁለተኛው ኢናላፕሪል ነው። የዚህ ታሪክ ከእባብ ይጀምራል። ብራዚል ውስጥ አንድ መርዘኛ እባብ የነደፈው ሰው የደም ግፊቱ በድንገት ወርዶ ሲወድቅ ያዩ ተመራማሪዎች መርዙን መረመሩ። ከዚያ በተገኘው ዕውቀት ካፕቶፕሪል የተባለው መድኃኒት ተሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ኢናላፕሪል የእርሱ ተከታይ ነው፤ ያወጣውም ሜርክ የተባለው ኩባንያ ነው። እዚህ ላይ እኅቶች ሁሉ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። ኢናላፕሪል ለፅንስ ጎጂ ነው። ይህን ኪኒን የምትወስድ ሴት ካረገዘች ወይም ለማርገዝ ካሰበች ሳትውል ሳታድር ለሐኪሟ መንገር አለባት፤ ለነፍሰ ጡር የሚሆን ሌላ መድኃኒት አለና። የጎረቤትን ኪኒን ተበድሮ መዋጥ አደገኛ የሚሆነውም በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስተኛው አባላችን ያሳየችን አምሎዲፒን ነው። የደም ሥርን ያላላል፤ በቀን አንዴ ይወሰዳል። ፋይዘር የተባለው ኩባንያ ኖርቫስክ በሚል የንግድ ስም ሸጠው፤ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። በዓለም ላይ በብዛት ከተሸጡ መድኃኒቶች አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ ብቻውን የመሸጥ መብቱ ሲያበቃ ሌሎች ኩባንያዎች ያንኑ መድኃኒት ሠርተው አቀረቡ፤ ዋጋውም ወረደ።

ይህ "ብቻውን የመሸጥ መብት" ፓተንት ይባላል። መድኃኒት ያገኘ ኩባንያ ያወጣውን ገንዘብ እንዲመልስና እንዲያተርፍ ለተወሰኑ ዓመታት ሌላ ሰው እንዳይሠራበት ሕግ ይከለክልለታል። ዓመቱ ሲያልቅ መድኃኒቱ የሁሉም ይሆናል። በዚህ ጊዜ አንድ መድኃኒት ሁለት ዓይነት ስም ይኖረዋል። አንዱ የራሱ ስም ነው፤ በዓለም ሁሉ አንድ ነው፣ ባለሙያዎች ጀነሪክ ይሉታል። ሌላው እያንዳንዱ ፋብሪካ ለራሱ የሚያወጣለት የንግድ ስም ነው። ሁለቱ ማሸጊያዎች የተለያዩት በንግድ ስማቸው ነው፤ አምሎዲፒንነታቸው ግን አልተለየም።

"ርካሹ ደካማ ነው" የሚለው ጥርጣሬ እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ ገበያ ላይ የምናውቀው ዕቃ ሁሉ እንደዚያ ነውና። በመድኃኒት ላይ ግን መለኪያው ሌላ ነው። በሕጋዊ መንገድ የሚገባ መድኃኒት በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይመዘገባል። በራሱ ስም የሚሸጠውም በውስጡ ያለው መድኃኒት ልኩና ጥራቱ የተጠበቀ መሆን አለበት። የሚያስፈራው ርካሹ ሳይሆን ከየት እንደመጣ የማይታወቀው፣ በጉልት ላይ ፀሐይ ሲመታው የሚውለው ኪኒን ነው።

የእነዚህ ኪኒኖች ዋጋ ለእኛ የወረደበት አንዱ ምክንያት ከባሕር ማዶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970 ሕንድ አዲስ የፓተንት ሕግ አወጣች። ሕጉ አንድ ኩባንያ መድኃኒት የሚሠራበትን ዘዴ እንጂ መድኃኒቱን ራሱን የብቻው እንዳያደርግ ከለከለ። የሕንድ ፋብሪካዎች በሌላ ዘዴ ያንኑ መድኃኒት እየሠሩ በራሱ ስም በርካሽ መሸጥ ጀመሩ። ሕንድ በዓለም የንግድ ስምምነት ግፊት ሕጉን እ.ኤ.አ. በ2005 ብትለውጠውም በዚያ መካከል የዳበሩት ፋብሪካዎች ለአፍሪካ ዋና አቅራቢ ሆነው ቀሩ። ዛሬ ደብረ ወርቅ ላይ የምንገዛውን ኪኒን ማሸጊያ ብናገላብጥ ብዙ ጊዜ የምናነበው የሕንድ ከተማ ስም ነው።

ገዢው ሲተባበር

ስሙ መታወቁ ብቻውን አይበቃም። አንዲት ሴት ለብቻዋ ሠላሳ ኪኒን ስትገዛ ዋጋ መቀነስ አትችልም። ሺዎች በአንድ ላይ ሲገዙ ግን ይቻላል። አገራችን ይህን ለመማር ብዙ ዘመን ፈጅቶባታል።

በደርግ ዘመን ትልልቅ የግል ድርጅቶች ሲወረሱ መድኃኒት ቤቶችም አልቀሩም። አዲስ አበባ ላይ እስከ ዛሬ ያሉት የከነማ ፋርማሲዎች ስማቸው የዚያ ዘመን ነው፤ "የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር" ከሚለው ተቀንጭቦ የተሠራ ነው። የነዋሪዎች ማኅበር ባለቤት የሆነበት መድኃኒት ቤት ዋጋን ለማረጋጋት ይረዳል የሚል ሐሳብ ነበረው። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርም በየከተማው መድኃኒት ቤት እየከፈተ በዝቅተኛ ትርፍ መሸጥ ያዘ። የመንግሥቱን ጅምላ ግዢ ደግሞ በኋላ ፋርሚድ የተባለው ድርጅት ያካሂድ ነበር።

በዚያው ዘመን በዓለም ደረጃም አንድ ትልቅ ነገር ሆነ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1977 የመጀመሪያውን የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አወጣ። በገበያ ላይ በሺህ የሚቆጠር የንግድ ስም ቢኖርም አብዛኛውን ሕዝብ ለማከም ሁለት መቶ ያህል መድኃኒት ይበቃል፤ እነርሱም በራሳቸው ስም ይጠሩ የሚል ነው። ድኻ አገር ገንዘቧን በሺህ ስም ላይ ከመበተን በጥቂቱ ላይ ብታውል በብዛት ልትገዛ ትችላለች። ኢትዮጵያም የራሷን ዝርዝር አዘጋጀች። በ1986 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የመድኃኒት ፖሊሲም በዚሁ መንገድ ሄደ።

በጤና ጣቢያዎቻችን ግን ችግሩ ሌላ ነበር። ታካሚ የሚከፍለው ጥቂት ገንዘብ ቢኖርም ለመንግሥት ግምጃ ቤት ገቢ ይሆናል እንጂ እዚያው አይቀርም ነበር። ስለዚህ የተሸጠ መድኃኒት በቦታው አይተካም፤ ቀጣዩ በጀት እስኪመጣ መደርደሪያው ባዶ ነው። ታላላቆቻችን "ካርድ አወጣን፣ ሐኪም አየን፣ መድኃኒቱን ግን ከውጭ ግዙ ተባልን" የሚሉት ያ ዘመን ነው። በወረቀት ላይ ርካሽ የሆነ መድኃኒት መደርደሪያው ላይ ከሌለ ለድኻ የሚቀርላት የግል መድኃኒት ቤቱ ዋጋ ነው።

ለዚህ የተገኘው መፍትሔ ተዘዋዋሪ የመድኃኒት ፈንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1987 የአፍሪካ የጤና ሚኒስትሮች ማሊ ዋና ከተማ ባማኮ ላይ ተሰብስበው ይህን ሐሳብ ደገፉ። አሠራሩን ለማኅበራችን አባላት ማስረዳት ቀላል ነው፤ እኛ በየሳምንቱ የምናደርገው ነውና። የመነሻ ገንዘብ ይቀመጣል፤ በእርሱ መድኃኒት ይገዛል፤ በመጠነኛ ትርፍ ይሸጣል፤ የተገኘው ገንዘብ ተመልሶ መድኃኒት ይገዛል። ገንዘቡ ካልተነካ ይሽከረከራል፣ ከተነካ ግን ይሞታል። በአገራችንም ሆስፒታሎች በዚህ መንገድ የሚሠሩ "ልዩ ፋርማሲ" የተባሉ መድኃኒት ቤቶችን ከፈቱ። በ1990 ዓ.ም. የጸደቀው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ደግሞ የጤና ተቋማት የሰበሰቡትን ገቢ እዚያው ለራሳቸው እንዲያውሉ መንገድ ጠረገ። አማራ ክልልም ይህን አሠራር ቀድመው በሥራ ላይ ካዋሉት አንዱ ነው።

በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 553 የመድኃኒት ፈንድና አቅርቦት ኤጀንሲ ተቋቋመ፤ ፋርሚድም በእርሱ ተተካ። ዛሬ የኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት የምንለው ነው። ይህ መሥሪያ ቤት ለአገሪቱ የመንግሥት ጤና ተቋማት በአንድነት ይገዛል። በክልላችን በባሕር ዳር፣ በጎንደርና በደሴ መጋዘኖች አሉት። አገር በሙሉ እንደ አንድ ገዢ ሲቀርብ ፋብሪካዎች ዋጋ እየቀነሱ ይጫረታሉ። ከጤና ጣቢያ የምናገኘው አምሎዲፒን ብዙ ጊዜ ከግል መድኃኒት ቤቱ የሚረክስበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው።

ከደብረ ማርቆስ የተነሣው ሒሳብ

ይህ ሁሉ ሆኖም "መድኃኒቱ የለም" የሚለው ቃል አልጠፋም። የገባው መድኃኒት ምን ያህል እንደሆነ፣ ስንቱ እንደተሸጠ፣ ስንቱ ጊዜው አልፎበት እንደተጣለ ብዙ ሆስፒታሎች በትክክል አያውቁም ነበር። መጋዘን ውስጥ አንዱ መድኃኒት ተርፎ ሲበላሽ ሌላው ያልቃል። የጠፋውንም የሚጠየቅበት መንገድ አልነበረም።

መፍትሔው የተሞከረው ከእኛው ዞን ነው። በ2003 ዓ.ም. ገደማ በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ኦዲት ሊደረግ የሚችል የመድኃኒት ግብይት አሠራር ተጀመረ። ለእያንዳንዱ ሽያጭ የመድኃኒቱ ስም፣ ብዛትና ዋጋ የተጻፈበት ደረሰኝ ይሰጣል። የቀኑ ሽያጭ በየቀኑ ይዘጋል። በመጋዘን ያለው ተቆጥሮ ከመዝገብ ጋር ይመሳከራል። የትኛው መድኃኒት ብዙ ገንዘብ እንደሚወስድ፣ የትኛው ለሕይወት እጅግ አስፈላጊ እንደሆነ ተለይቶ ግዢው በዚያ ይመራል። አሠራሩ ብክነትን ቀንሶ የመድኃኒት አቅርቦትን ስላሻሻለ ወደ ሌሎች የክልሉ ሆስፒታሎች፣ ከዚያም ወደ ሌሎች ክልሎች ተስፋፋ።

ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ማኅበራችን ሲመሠረት ገንዘቡ በአንድ ሰው ኪስ፣ ሒሳቡም በአንድ ሰው ልብ ነበር። ሦስት ቁልፍ ያለው ሣጥንና በጉባኤ የሚነበብ መዝገብ ከመጣ በኋላ ነው ቁጠባችን ያደገው። ደብረ ማርቆስ ላይ የሆነውም ያው ነው። የተቆጠረ ገንዘብ ይበረክታል።

ከደቡብ አቸፈር የመጣው መድን

የመጨረሻው እርምጃ መክፈያውን ራሱን ማዋጣት ነው። በ2003 ዓ.ም. ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ። በአማራ ክልል የተመረጡት ደቡብ አቸፈር፣ ፎገራና ተሁለደሬ ናቸው። ከዚያ ተነሥቶ በመላ አገሪቱ ብዙ ወረዳዎች ደረሰ። አባወራው ወይም እማወራዋ በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላሉ፤ ቤተሰቡ በሙሉ ውል ባላቸው የጤና ተቋማት በሚታከምበት ጊዜ የምርመራውንና የመድኃኒቱን ክፍያ መድኑ ይሸፍናል። መክፈል ለማይችሉት መንግሥት ይከፍልላቸዋል።

እድርን ለሚያውቅ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው" እንደሚባለው ነው። ልዩነቱ እድር ሰው ከሞተ በኋላ ሲደርስ መድኑ ሳይሞት መድረሱ ነው። በተለይ የደም ብዛት ያለባት ሴት ወር በወር፣ ዕድሜዋን ሙሉ ኪኒን ትገዛለች። ለእርሷ የዓመቱ መዋጮ ከአሥራ ሁለት ወር ኪኒን ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የትኛው እንደሚሻል እያንዳንዳችን ጣታችንን ቆጥረን ልናውቀው እንችላለን።

ግን የመድኑም ድካም መነገር አለበት። ካርዱ የሚሠራው መድኃኒቱ በጤና ጣቢያው ካለ ነው። ከሌለ አባሏ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ሄዳ ከኪሷ ትከፍላለች፤ በሚቀጥለውም ዓመት "ምን ጠቀመኝ" ብላ መዋጮዋን ትተዋለች። ጤነኞቹ ሲወጡና ታማሚዎቹ ብቻ ሲቀሩ ደግሞ ሣጥኑ ይጎድላል። ስለዚህ መድኑና የደብረ ማርቆሱ ሒሳብ አንዱ ያለ አንዱ አይቆምም።

ለምን ተመልሶ ወጣ?

ባለፉት ዓመታት ሁላችንም ያየነው የዋጋ መናር ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛው ከእጃችን ውጭ ነው። አገራችን የራሷ የመድኃኒት ፋብሪካዎች ቢኖሯትም አብዛኛው መድኃኒት ከውጭ በዶላር ይገዛል፤ እዚህ የሚሠራውም ጥሬ ዕቃው ከውጭ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ላይ መንገድ ሲዘጋ ከባሕር ዳርም ሆነ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ይዘገያል። በቢቸናም በሞጣም መስመር የምንኖር ሁላችን ይህን ቀምሰነዋል።

ሁለተኛው ግን በእጃችን ያለ ነው። የጤና ጣቢያው መደርደሪያ ሲጎድል ወደ ግል እንሄዳለን፤ እዚያ ስንደርስ ስሙን አናውቅም፤ ስሙን ስለማናውቅ በንግድ ስሙ የተሰጠንን እንገዛለን። አባላችን የሦስት እጥፍ የከፈለችው በዶላር ምክንያት አይደለም። ሁለቱም ማሸጊያ በአንድ ሳምንት፣ በአንድ ከተማ ነው የተሸጠው።

ለማኅበራችን የማቀርበው ሐሳብ

"እኛው በጅምላ እናምጣ" ለሚለው ጥያቄ መልሴ አይሆንም ነው። መድኃኒት ያለ ፈቃድና ያለ ባለሙያ መሸጥና ማከፋፈል ሕግ ይከለክላል። ክልከላውም ለእኛው ጥበቃ ነው፤ ከሦስቱ ኪኒኖች አንዱ ለነፍሰ ጡር አደገኛ መሆኑን ከላይ አይተናል። ደግሞም የጅምላ ግዢው አስቀድሞ ተሠርቷል፤ የእኛ ድርሻ ከእርሱ ውጭ አለመቅረት ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መዋጮ የሚሰበሰበው ብዙውን ጊዜ ምርት ከገባ በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ እጅ ያጠራት አባል ካለች ከማኅበሩ ሣጥን ያለ ወለድ እንድትበደርና በዓመቱ ውስጥ እንድትመልስ እንወስን። ማንም አባላችን ለአንድ ዓመት ያህል እንኳ ከመድን እንዳትወጣ።

ሁለተኛ፣ እያንዳንዷ አባል የመድኃኒቷን የራሱን ስም፣ ሚሊ ግራሙንና በቀን ስንት ጊዜ እንደምትወስደው በቁጠባ ደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይ ታስጽፍ። ሐኪም ዘንድ ስትቀርብ "በመድን የሚገኘውን ይዘዙልኝ" ብላ ትጠይቅ። ከግል መግዛት ግድ ከሆነባት ደብተሯን አሳይታ "በዚህ ስም ካላችሁ ውስጥ ዝቅተኛው ዋጋ የትኛው ነው?" ትበል፤ ሚሊ ግራሙን፣ የሚያልፍበትን ቀንና ደረሰኙን ትይ። ገንዘብ ካነሳት ኪኒኑን እየዘለለች ከምትውጥ ሐኪሟን በርካሹ እንዲለውጥላት ትጠይቅ። ራሷ ግን አትለውጥ፣ አትቁረጥ፣ አታቁም።

ሦስተኛ፣ ሁለት ተወካዮች በየወሩ ጤና ጣቢያው ድረስ ሄደው ከሦስቱ ኪኒኖች የትኛው እንዳለ፣ የትኛው እንደጎደለ በአክብሮት ይጠይቁ፤ መልሱ በስብሰባችን ይነበብ። የጎደለበትን ቀን ጽፈን ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ስናቀርብ ቅሬታ ሳይሆን መረጃ ይዘን ቀረብን ማለት ነው። ባለሙያዎቹም ለሚያቀርቡት ጥያቄ ይረዳቸዋል።

ለደጋፊዎቻችንም አንድ ቃል አለኝ። በቅንነት መድኃኒት በካርቶን ሊልኩልን ያሰቡ እንዳሉ ሰምተናል፤ እናመሰግናለን። ካርቶኑ ያልቃል፣ ሊበላሽም ይችላል፤ በዓመቱም ወደነበርንበት እንመለሳለን። ከዚያ ይልቅ ለመድን ብድሩ የሚሆን የመነሻ ገንዘብና የደም ግፊት የምንለካበት አንድ መሣሪያ ቢሰጡን፣ ገንዘቡ እንደ ተዘዋዋሪው ፈንድ ከአባል ወደ አባል እየተላለፈ ዓመት ከዓመት ይሠራል።

ሁለቱን ማሸጊያ ያመጣችልን እኅታችን በሳምንቱ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ ግፊቷን ተለካች፤ ከፍ ብሎ ተገኘ። አሁን ኪኒኑን በየቀኑ ትወስዳለች። በደብተሯ የመጨረሻ ገጽ ላይም በልጇ እጅ "አምሎዲፒን 5 ሚሊ ግራም፣ በቀን አንድ ጊዜ" ተብሎ ተጽፏል። ሐሳቦቹ በሚቀጥለው ስብሰባ ለድምፅ ይቀርባሉ። የምትመጡ ሁሉ በቤታችሁ ያለውን የኪኒን ማሸጊያ ይዛችሁ ኑ፤ ስሙን አብረን እናነበዋለን።